«ከሮቦት በፊት ወንበር» ማለት ምን ማለት ነው?

የማርቆሱ መምህር፦
ትናንት ማታ እዚህ ግሩፕ ላይ «ከሮቦት በፊት ወንበር» (የሙዚየም ሳይንስ ይቆይና መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ወንበር ይሟላ) ተብሎ ለሐሳቤ የተሰጠውን መልስ ካነበብኩ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኔ ያልኩት የአዲስ አበባው ሳይንስ ሙዚየም ለወጣቶች የክረምት ሥልጠና ይስጥ፣ ልጆች በእጃቸው የሚፈቱበትና የሚገጥሙበት ክፍል ይኑረው ነው። 17 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ፤ ወንበር በሌለበት ክፍልም አስተምሬአለሁ። ወንበሩ እስኪሟላ ልጁ እጁን አጣጥፎ ይጠብቅ ከተባለ፣ ሲሟላ ልጁ ልጅ አይሆንም።

የጉለሌዋ እናት፦
ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ሙዚየሙ በመስከረም 2015 ተመረቀ፣ ከ6 ሄክታር በላይ ቦታ ላይ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ልጆች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። የእህቴ ልጅ ካላለፉት አንዷ ነበረች። ያን ሳምንት ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። የተማረችበት ትምህርት ቤት «ቤተ ሙከራ» የሚል በር አለው፤ በሩ ግን ተቆልፏል። በመስኮት ብታዩ ውስጡ የተሰባበረ ወንበር ተቆልሎበታል። ወንበር ስል ይህን ነው የማወራው።

ኦክላንድ ያለሁት፦
እህቴ፣ ኀዘንሽ ይገባኛል። ግን ያ 3.3 የመጣው ልጆቹ ነገሩን ሳያዩት ቀመሩን ብቻ ስለሸመደዱ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ከኦክላንድ ማዶ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ኤክስፕሎራቶሪየም የሚባል የሳይንስ ሙዚየም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተ። የመሠረተው ፍራንክ ኦፐንሃይመር ነው፣ የአቶም ቦምብ ሥራውን የመራው የሮበርት ኦፐንሃይመር ወንድም። በፖለቲካ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ተባሮ ኮሎራዶ ገጠር ከብት ሲያረባ ቆየና እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ተማሪዎቹን ወደ ቆሻሻ መጣያ ወስዶ ከተጣለ ዕቃ ነበር ሜካኒክስና ኤሌክትሪክ የሚያስተምራቸው። በሙዚየሙ ደግሞ ለጎብኚው የሚያስረዱት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ ይከፈላቸዋል። የላም ዓይን በሕዝብ ፊት ቆርጠው ያሳያሉ። ልጄ 9 ዓመቷ እያለ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ስታስረዳት ቆሜ አይቻለሁ።

የጉለሌዋ እናት፦
ወንድሜ፣ አንተ የምትነግረኝ ልጅህ ወንበር ስላላት አገር ነው።

ኦክላንድ ያለሁት፦
የምነግርሽ ከቆሻሻ መጣያ ስለጀመረ ሰው ነው! ምናለሽ ተራ እኮ መርካቶ አለ። ከተቃጠለ ስፒከር ማግኔቱን፣ ከሞተ ፍሪጅ ሞተሩን የሚፈቱ ልጆች እዚያ ሞልተዋል። ሙዚየሙ እነሱን ጠርቶ አስረዱ ቢላቸው ምን ይጎዳል?

ኮምቦልቻ፦
ሁላችሁም የምታወሩት አዲስ አበባ ላለ ልጅ ነው። ከእኛ ዘንድ 40 ተማሪ ይዞ ለመሄድ የአውቶቡሱ፣ የአዳሩ፣ የምግቡ ስንት እንደሚሆን አስባችሁታል? ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ) ማዕከል አለ፣ ቢሾፍቱ ፎቃ የሚባል ተመሳሳይ ማዕከል አለ። ልጅ ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማርበት እንዲህ ያለው ይብዛልን። የሙዚየሙ ትልቅ ጉልላት ግን አንድ ጊዜ ታይቶ ያልቃል።

የማርቆሱ መምህር፦
ታይቶ ያልቃል በሚለው እስማማለሁ፤ ጭቅጭቄም በመታየት ብቻ እንዳያልቅ ነው። አምና ከሥጋ ቤት የበሬ ዓይን ለምኜ ክፍል ይዤ ገባሁ። በምላጭ ስከፍተው ሌንሱ ወጣ፣ ብይ የሚያህል፣ ጠንከር ያለ። አሮጌ ጋዜጣ ላይ ሳስቀምጠው ከሥሩ ያለው ፊደል ጎላ ብሎ ታየ። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ ከኋላ ተነሥታ መጣችና «ቲቸር፣ እኔም ዓይን ውስጥ ይህ አለ?» አለችኝ። ልብ በሉ፣ በአንድ ዴስክ አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት።

የጉለሌዋ እናት፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የመሰከሩት ለእኔ ነው! ሙዚየም አላስፈለገዎትም። አንድ ምላጭ፣ አንድ ጋዜጣ፣ አንድ ጥሩ መምህር። ገንዘቡ እንደ እርስዎ ላለው መምህር ይሁን።

የማርቆሱ መምህር፦
አልመሰከርኩም። ዓይኑ አንድ፣ ልጆቹ 62። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ አዩ። የኋላዎቹ ያዩት የጓደኞቻቸውን ጀርባ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስማር እኔም ቆርጬ አላውቅም፤ በ40 ዓመቴ ነው የደፈርኩት። መምህሩ ራሱ ቆርጦ የሚማርበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ኦክላንድ ያለሁት፦
ኤክስፕሎራቶሪየምም እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ለሳይንስና ለሒሳብ መምህራን የራሱ ሥልጠና አለው። መምህር ማሠልጠን የሙዚየም ሥራ ነው።

ደብረ ብርሃን፦
ይቅርታ፣ ጥያቄ አለኝ። የበሬው ዓይን በጾም ወቅት ከሆነ ልጆቹን ማስነካት ተገቢ ነው? ቤተሰብ ቢቆጣስ?

ኮምቦልቻ፦
መንካት መብላት አይደለም ወንድሜ። በጾም ደግሞ ሥጋ ቤቱ ራሱ ዝግ ነው።

ደብረ ብርሃን፦
ለአንተ ቀላል ነው። እኔ ወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ የሚመጣውን አውቃለሁ። ቢያንስ አስቀድሞ ለወላጅ ይነገር።

የማርቆሱ መምህር፦
ልክ ነህ፤ እኔም ለወላጆች ሳልናገር አላደረግኩትም። ወደ ነገሩ እንመለስ። ኮምቦልቻ ያነሣው የትራንስፖርት ጉዳይ መልስ ይፈልጋል። ልጆቹ መሄድ ካልቻሉ ዕቃውና አሠልጣኙ በመኪና ይምጡ። ሁለት ሳምንት ኮምቦልቻ፣ ሁለት ሳምንት ማርቆስ።

ኮምቦልቻ፦
እሱ ከመጣ እኔ ራሴ አዳራሽ አፈላልጋለሁ። ግን ፎቶ ተነሥቶ በማግሥቱ የሚሄድ እንዳይሆን። ያ ጨርሶ ባይመጣ ይሻላል።

የጉለሌዋ እናት፦
ይምጣ፣ አልጠላም። የእኔ ጥያቄ ግን አሁንም አልተመለሰም። ያ የተቆለፈ ቤተ ሙከራ ማን ይክፈተው? ርእሰ መምህሩን ጠየቅሁ፣ ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው አሉኝ። ንብረት ክፍል ሄድኩ፣ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ነው አሉኝ።