ዲኤክሴ ዝጎ ተበሳ፣ ቤት ውስጥ ልጠግነው እችላለሁ?

የገርጂው ዲኤክስ

ሰላም ቤተሰብ። የ1980ዎቹ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው)። ሞተሩ እስካሁን ምንም እንከን አይወጣለትም፣ ቦዲው ግን ክረምት በመጣ ቁጥር እያለቀ ነው። አሁን ሁለት ቦታ ተበስቷል። አንዱ ከኋላ ቀኝ ጎማ በላይ፣ ጭቃ የሚመታው ጠርዝ ላይ ነው። ቀለሙ አረፋ ሠርቶ ነበር፣ በጣቴ ጫን ሳደርገው ገባ። ሌላው ሹፌሩ እግር ሥር ነው፣ ምንጣፉን ሳነሳ አስፋልቱ ይታየኛል።

ጋራዥ ጠይቄ የነገሩኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፣ ደም ብዛት ያለበት ሊያነበው ይችላል። ሌላ ሰው ደግሞ "በፋይበርና በስቱኮ (በቦዲ መሙያ) ዛሬውኑ ጨርሼ እሰጥሃለሁ" አለኝ፣ ፍጥነቱ አላማረኝም። ግራይንደርና መሰርሰሪያ አለኝ። ጎረቤቴ በርና መስኮት በያጅ ነው፣ ማሽኑን ያውሰኛል። የጣራ ቆርቆሮ ትራፊም ግቢ ውስጥ አለ፣ ለመለጠፊያ ይሆናል? ኮካ ዝገት ያነሳል የሚባለውስ እውነት ነው?

ሶማሌ ተራ ነኝ

ወንድሜ አትጨናነቅ። ዝገቱን በግራይንደር አንሳ፣ ከውስጥ በኩል ፋይበር በሬዚን ለጥፍ፣ ሲደርቅ ከላይ ስቱኮ፣ ከዛ ቀለም። ለሁለቱም ቀዳዳ ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ ስንቱ መኪና በስቱኮ ቆሞ እንደሚሄድ ብታውቅ እኮ። ብየዳ ውስጥ ከገባህ ወጪው አያልቅም።

ባትላሜራው

ከላይ የጻፍከው ልጅ፣ ለጎማው ዙሪያ ያልከው በግድም ቢሆን ያስኬዳል። ለወለሉ ግን አትምከር። ዲኤክስ እንደ ላንድክሩዘር ለብቻው ሻንሲ (ቦዲውን የሚሸከም የብረት አጽም) የለውም፣ ቦዲው ራሱ ነው ሻንሲው። መቀመጫውም ቀበቶውም የታሰሩት በዚያ ላሜራ ላይ ነው። ፋይበር ለጥፈህ ምንጣፍ ብታለብሰው ያምራል፣ ግጭት የመጣ ቀን ግን መቀመጫው ከነሰውዬው ይነሳል።

የገርጂው፣ መጀመሪያ ካቻቢቴ (የብሎን መፍቻ) ያዝና በቀዳዳው ዙሪያ ጠበቅ አድርገህ ውጋ። እኔ የምወስነው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይንህ የሚያየው ቀዳዳ ሁሌም ትንሹ ነው፣ ሳንቲም የሚያህለው ሲወጋ መዳፍ ያህላል። ካቻቢቴው የማይገባበት ብረት ላይ እስክትደርስ ሂድ። በተለይ በሮቹ ሥር የሚሄደውን ረጅሙን ሳጥንና የመቀመጫ ብሎኖቹን ዙሪያ እይ። እነሱ ከተበሉ ነገሩ የቤት ሥራ አይደለም፣ እዚያው አቁምና ለባለሙያ ስጥ። ወለሉ መሃል ላይ ብቻ ከሆነ ግን አብዛኛውን ሥራ ራስህ ትሠራዋለህ።

የጎረቤትህን ማሽን ግን ተወው። በኤሌክትሮድ የሚበየደው የመስኮት ብረት ወፍራም ነው፣ የመኪና ላሜራ 0.8 ሚሊ አካባቢ ነው፣ ዝገት ከበላው ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። አንድ ቀዳዳ ልትደፍን ገብተህ አምስት ከፍተህ ትወጣለህ። የሚያስፈልግህ ሽቦ የሚተፋው የጋዝ ማሽን (ሚግ) ነው፣ በ0.6 ወይም በ0.8 ሚሊ ሽቦ። እሱ ከሌለህ መቁረጡን፣ ማጽዳቱን፣ ልኩን ማውጣቱን ቤት ጨርስና መኪናዋን ለብየዳው ብቻ ውሰዳት። ገንዘቡን የሚበላው ዝግጅቱ ነው፣ ብየዳው ራሱ አጭር ነው።

የጣራ ቆርቆሮ አይሆንም። ስስ ነው፣ ላዩ ላይ ያለው ዚንክ ደግሞ ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል። እሱን የሳበ ሰው ማታ እንደ ወባ ይንቀጠቀጣል። መርካቶ 1 ሚሊ ጥቁር ላሜራ ግዛ። የበሰበሰውን ቆርጠህ ስታወጣ ማዕዘኑን አክብበው፣ ሹል ማዕዘን በኋላ ይሰነጠቃል። በካርቶን ልክ አውጣ፣ መለጠፊያው በየጎኑ 1.5 ሴንቲ ያህል ይደረብ። ሲበየድ አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ ወዲያ ማዶ እየተባለ ነው። በአንድ መስመር ቀጥ ብሎ ከሄደ ላሜራው በሙቀት እንደ ቂጣ ይነፋል።

ብየዳ ሳይጀመር የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። ምንጣፉንና ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ አውጣ፣ ሽቦዎቹን ወደ ጎን አድርግ። የቤንዚን ቧንቧው በወለሉ ሥር እንደሚያልፍ አትርሳ፣ ወደ ኋላ ጎማው ስትሄድ ደግሞ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ሩቅ አይደለም። አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ በሌላው በኩል ይቁም። በያጁ በመነጽሩ ውስጥ ከኋላው የሚጨሰውን አያይም።

ኮካ ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ መኖሩ እውነት ነው፣ ግን ኢምንት ነው። ለብሎን ይሁንህ፣ ለቦዲ ስኳሩ ነው የሚተርፍህ።

ሚኒሶታ በረዶው

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ ክረምት ላይ በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፣ ስለዚህ ዝገት ጎረቤታችን ነው። ባትላሜራው ስለ ወለሉ ያሉት ልክ ነው፣ አልጨምርም። ለጎማው ዙሪያ ግን ከፋይበር የሚሻል አለ፣ ባለ ሁለት ክፍል የቦዲ ማጣበቂያ። መለጠፊያውን በሱ አጣብቀህ በፒንሳ ይዘህ እስኪደርቅ ትተወዋለህ። እሳት የለ፣ መጣመም የለ። ግን ለውጭው ቆዳ ብቻ ነው።

ስቱኮ ላይ ሁሉም ሰው የሚያበዛው ሃርድነር (ማጠንከሪያው) ነው። ለ100 ግራም 2 ግራም ያህል በቂ ነው። ስላበዛኸው አይጠነክርም፣ ጥቃቅን ቀዳዳ ይሠራል፣ በኋላም በቀለሙ ላይ እድፍ ሆኖ ይወጣል። ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ባያልፍ ጥሩ ነው። ስቱኮ ውኃ ይመጥጣል፣ ስለዚህ በደረቁ ሞርድ፣ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምረህ 180፣ 320፣ ከዚያ ሳታሳድር ፕራይመር። ከሥሩ ኢፖክሲ ፕራይመር ካገኘህ ደግሞ ከተራው በብዙ ይሻላል። የወለሉን ጠርዝ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን እንዳትቀባው። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት አሲድ ያወጣል፣ ብረቱን እንደገና ይበላዋል። ፖሊዩሪታይን የሚባለውን ማሸጊያ ጠይቅ።

ከዚህ እቃ ልላክልህ እንዳልል ደግሞ የሚረጨው ጣሳ (ስፕሬይ) በአውሮፕላን ሻንጣ አይፈቀድም።

የገርጂው ዲኤክስ

እግዜር ይስጣችሁ። ባትላሜራው፣ እንዳሉኝ ወጋሁት። ቀዳዳው ሰፋ፣ ግን የመቀመጫው ብሎኖችና የበሩ ሥር ሳጥን ደህና ናቸው። ጥቁሩን ላሜራ እገዛለሁ። አንድ ነገር ይንገሩኝ፣ ምንጣፉ ከላይም እርጥብ ነው። ውኃው ከታች በቀዳዳው ነው የሚገባው ወይስ ከሌላ ቦታ? ለወደፊቱስ የተቃጠለ ዘይት ከሥር ባስረጨውስ?

ባትላሜራው

ምንጣፉ ከላይ ከራሰ ውኃው ከላይ ነው የመጣው። ወለልህን የበላውም ከመንገድ የተረጨው ሳይሆን እዚያ የተኛው ውኃ ነው። ውስጥ ሆነህ የእጅ ባትሪ አብራ፣ አንድ ሰው ደግሞ በውኃ ጎማ መጀመሪያ በሩ ሥር፣ ቀጥሎ በሩ ላይ፣ መጨረሻ መስታወቱ ላይ ቀስ ብሎ ውኃ ያፍስ። ከላይ ከጀመርክ ሁሉም ቦታ ይረጥብና ግራ ይገባሃል። ብዙ ጊዜ ወንጀለኛው የፊት መስታወቱ ጎማ ነው፣ ወይም ዋይፐሩ ሥር ያለው ቦይ በቅጠል ተደፍኖ ነው። ከዛፍ ሥር የምታቆም ከሆነ እሱን መጀመሪያ እይ። የበሮቹ ታችኛ ጠርዝ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎችም በሽቦ ክፈታቸው። ዝገት መስለዋቸው በስቱኮ የሚደፍኑ አሉ። ውኃ መውጫ ናቸው።

የተቃጠለ ዘይት የሚያስረጭ ብዙ ሰው አለ። ብረቱን ለጊዜው ይሸፍንልሃል፣ ግን ጎማ ነክ ነገር ሁሉ ያብጣል፣ ቡሺንጎቹ (የእግሩ የጎማ መጋጠሚያዎች) ይላላሉ፣ ፍሬን ላይ ከደረሰ ደግሞ አታድርሰኝ ነው። ከብየዳው በኋላ ከሥር ፕራይመርና የቦዲ ሬንጅ ይበቃሃል፣ ሬንጁን ግን እርጥብ ወይም የዛገ ብረት ላይ አትቀባው፣ ሥሩ እየበሰበሰ ከላይ ደህና ይመስልሃል። ምንጣፉንም ውኃው የሚገባበትን ሳታገኝ አትመልሰው። ዝናብ እስኪያልፍ ባዶ ወለል ላይ ንዳ፣ ትንሽ ይጮሃል እንጂ ምንም አትሆንም።

ሶማሌ ተራ ነኝ

እሺ፣ ወለሉ ላይ ሽንፈቴን ተቀብያለሁ። የገርጂው፣ ላሜራ ከመግዛትህ በፊት ወደኛ ብቅ በል፣ የተጋጨ ዲኤክስ የኋላ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ) ካለ ጠርዙን ቅርጹን እንደያዘ አስቆርጠህ ትወስዳለህ። ያንን ዙር በመዶሻ አወጣለሁ ብለህ ሰንበትህን አታጥፋ።