አስቸኳይ፦ የአባቴ ወረቀት ከቆንስላ ተመለሰ፣ ቀጠሮው ሐሙስ ነው

ተጨንቄያለሁ
ሰላም ቤተሰቦች። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። በአያቴ በኩል የጣሊያን ዜግነት ልንጠይቅ ለአባቴና ለኔ ማመልከቻ አዘጋጅቼ ነበር። ዛሬ ጠዋት «ሰነዶቹ እርስ በርስ አይስማሙም» ተብሎ ተመለሰ። ምኑ ጋ እንደማይስማማ አልነገሩኝም። ቀጠሮው የፊታችን ሐሙስ ነው! እጄ ላይ ያለው የአባቴ የልደት ምስክር ወረቀት ከነጣሊያንኛ ትርጉሙ፣ ከካቶሊክ ሚሲዮን የወጣ የክርስትና ወረቀት፣ አንድ የአያቴ ፎቶ በወታደር ልብስ። አባቴ ደሴ ነው የተወለደው፣ ጥር 12፣ 1931። ምን ላድርግ?

የሸዋ ልጅ
ሌላ ትርጉም ቤት አሠራው። የኔ ጓደኛ እንደዛ አድርጎ ተስተካክሎለታል።

ጋሽ መምህር
ልጄ፣ ወረቀት ይዘህ ከመሮጥህ በፊት ዘመኑን እወቀው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1937 የሙሶሊኒ መንግሥት፣ ጣሊያናዊ ከቅኝ ግዛቱ ተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት ከኖረ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጣ። በግንቦት 1940 ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን «ልጄ ነው» ብሎ እንዳያስመዘግብ ጭራሽ ከለከለ። ይህ የተሻረው በ1947 ነው። ልጁን እየወደደ ፈርቶ ያላስመዘገበ አለ። ዞር ብሎ ያላየም አለ። እናቶች ብቻቸውን አሳደጉ። አሁን ንገረኝ፣ አያትህ አባትህን በሕግ ልጄ ብለዋል? ይህን ሳትነግረን ማንም ሊረዳህ አይችልም።

ፓስታ በስጎ
እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ፓስታ ነው የበላሁት፣ ለኔስ አይሰጡኝም? 😄 ቀልዴን ነው ወንድሜ፣ አይዞህ።

አድዋ 88
እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አይዋጥልኝም። በማይጨው መርዝ ያዘነቡ፣ የካቲት 12 አዲስ አበባን በደም ያጠቡ ሰዎች ዜግነት ምን ያደርግልሃል? አባቶቻችን ዱር ቤቴ ያሉት ለዚህ ነው?

ተጨንቄያለሁ
@አድዋ 88 ወንድሜ፣ አባቴ «የሶላቶ ልጅ» እየተባለ ነው ያደገው። ሰፈር ውስጥ፣ ትምህርት ቤት፣ ሥራ ቦታ። የእናቱ ወንድሞች አርበኞች ነበሩ፣ ያሳደጉትም እነሱ ናቸው። አሁን ሰማንያ አልፎታል። የሚፈልገው ስሙ በአባቱ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ነው። ፓስፖርቱን የፈለግኩት እኔ ነኝ።
@ጋሽ መምህር አያቴ በኛ አቆጣጠር በ1933 ደሴ ስትያዝ ተማርኮ ሄደ፣ ከዚያ ወሬው ጠፋ። የክርስትና ወረቀቱ ላይ ግን ስሙ ከነቤተሰብ ስሙ አለ።

ሮም ያለችው
ትርጉሙ ላይ የልደት ዓመቱ ስንት ይላል?

ተጨንቄያለሁ
1931።

ሮም ያለችው
በቃ፣ ችግሩ እሱ ነው! ጥር 12፣ 1931 በፈረንጅ ጃንዋሪ 20፣ 1939 ነው። ተርጓሚው ቀኑን ሳይቀይር እንዳለ ገልብጦታል። ጣሊያን የወረረችን በኦክቶበር 1935 ነው። በዚህ ትርጉም ከሄድን አባትህ የተወለዱት አያትህ አገራችንን ከመርገጣቸው ከአራት ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ሚሲዮኖቹ በፈረንጅ ስለሚጽፉ ያኛው ወረቀት 1939 ይላል መሰለኝ። አሁኑኑ አስተካክለው። ሁለቱም ቀን በግልጽ ይጻፍ፣ የኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑም ይጠቀስ። የአያትህ ስም አጻጻፍም በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ይሁን፣ አንዲት ፊደል ብትለይ ሊመልሱት ይችላሉ።

የሸዋ ልጅ
አልኩህ እኮ፣ ሌላ ትርጉም ቤት አሠራው።

መዝገብ ፈላጊ
የቀኑ ነገር ትክክል ነው፣ ግን ዋናውን አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሕግ ውጭ አገር ተወልዶ ሌላ ዜግነት ላለው ሰው መንገዱን አጥብቦታል። አባት ወይም እናት፣ አለዚያም አያት፣ በሕይወት ካሉ አሁን፣ ከሞቱም ሲሞቱ፣ የጣሊያን ዜግነት ብቻ ያላቸው መሆን አለባቸው። ቅድመ አያት አይሠራም። አንተ በአያት ስለሆንክ በዚህ በኩል በሩ አልተዘጋም። ግን አያትህና አባትህ በሕግ አባትና ልጅ መሆናቸው መጽናት አለበት። የክርስትና ወረቀት ላይ ስም መጻፉ ጥሩ ማስረጃ ነው፣ ብቻውን ግን ሕጋዊ እውቅና አይደለም። እንዲህ ሆኖ ሐሙስ ብትገባ የማመልከቻው 600 ዩሮ ለአንድ ሰው ይሄድብሃል፣ ውድቅ ቢሆንም አይመለስም።

አባትህ በሕይወት መኖራቸው ትልቅ ነገር ነው። በጣሊያን ሕግ ልጅ አባትነቱ በፍርድ ቤት እንዲታወጅለት በማንኛውም ዕድሜ መክሰስ ይችላል፣ አባትየው ቢሞትም ወራሾቹን። ልጁ ከሞተ ግን የሱ ልጆች ያላቸው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ከቀጠሮው ይልቅ የሚያስቸኩለው ይሄ ነው። ከተፈረደላቸው በኋላ አባትህ በአንድ ዓመት ውስጥ ዜግነቱን እመርጣለሁ ብለው ማስታወቅ አለባቸው። ያ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለሚሠራ ላንተ በቀጥታ አያልፍም። ላንተ ያለው መንገድ፣ የጣሊያናዊ የልጅ ልጅ ሆነህ ጣሊያን ውስጥ ሁለት ዓመት በሕጋዊ መንገድ ኖረህ ማመልከት ነው።

የአያትህ የትውልድ ከተማ ይታወቃል?

ተጨንቄያለሁ
አይታወቅም። ፎቶው ጀርባ ላይ ግን ፎጃ የምትባል የጣሊያን ከተማ ፎቶ ቤት ማኅተም አለ።

መዝገብ ፈላጊ
ከዚያ ጀምር። ፎቶ እዚያ ተነሳ ማለት እዚያ ተወለደ ማለት አይደለም፣ ግን ፍንጭ ነው። የወታደሮች የምዝገባ ዶሴ በየአውራጃው የመንግሥት መዝገብ ቤት ይቀመጣል፣ ፎጃም አለ። ስሙን ከነቤተሰብ ስሙ ጽፈህ በኢሜይል ጠይቅ። ዶሴው ላይ የትውልድ ቦታ፣ የወላጆች ስም፣ የዘመተበት ቦታ፣ ተማርኮ ከሆነም ይጻፋል። ጎን ለጎን «አንቴናቲ» የሚባለውን የመዝገብ ቤቶቹን ድረ ገጽ ፈልግ፣ የድሮ የልደት መዝገቦችን በነፃ ያሳያል። የትውልድ ኮሙኔውን (ማዘጋጃ ቤቱን) ካገኘህ የልደት መዝገቡን ግልባጭ ከዚያው ትጠይቃለህ።

ቢጫ ካርድ
አንድ ነገር አትርሳ። በዜግነት አዋጅ 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። ለአባትህ ቁጭ ብለህ በደንብ አስረዳቸው። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ማውጣት ይችላሉ፣ መምረጥ ግን አይችሉም። በዚህ ዕድሜያቸው ድንገት ሰምተው እንዳይደነግጡ።

ተጨንቄያለሁ
ትርጉም ቤቱ ነገ ጠዋት አስተካክሎ ይሰጠኛል። ለፎጃም አሁን ጻፍኩ። ከአባቴ ጋር ማታ እናወራለን። የሐሙሱን ግን ልሰርዘው ወይስ ሄጄ ልጠይቃቸው?

ሮም ያለችው
ሂድና ጠይቃቸው፣ ገንዘብ ግን አትክፈል።

አድዋ 88
አባትህን ሰላም በልልኝ። ስማቸው ይገባቸዋል።

የአስመራዋ
ወንድሜ ሐሙስ እንዴት ሆነ? የኔም እናት ጉዳይ ልክ እንደዚህ ነው፣ እሷ ግን የተወለደችው በ1943 በፈረንጅ ነው፣ እገዳው ባለበት ሰዓት ማለት ነው። ፎጃዎቹ መለሱልህ?