የዘንድሮ በርበሬና የመንገድ ቅመም፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ በርበሬውን በየቤታችን ከምንለፋበት በጋራ እናዘጋጅ ተባብለን ነበር። ለመነሻ ይህን ጻፍኩ፦ «ማኅበሩ ሁለት ፈረሱላ፣ ማለትም 34 ኪሎ ዛላ በርበሬ ገዝቶ፣ አጣፍጦና አስፈጭቶ ለአባላት በገዛበት ዋጋ ያከፋፍል። ለመንገደኛ የሚሆን እሽግም ይዘጋጅ። የተረፈው ይሸጥ።» የማይሆነውን አውጡ፣ የጎደለውን ጨምሩ። ቶሎ ብንወስን ጥሩ ነው፤ አዲሱ ዛላ ገበያ ገብቷል፣ ፀሐዩም አሁን ነው።

ሰብሳቢ
ልጆቼ፣ ሐሳቡ ግሩም ነው። ግን የማንን ቤት በርበሬ ነው የምናዘጋጀው? እኔ በሶብላና ኮሰረት ካልገባበት በርበሬ አልለውም። ጎረቤቴ አብሽ ከበዛ ወጡ መረረኝ ትላለች። አንዷ ጥቁር አዝሙድ ታበዛለች፣ ሌላዋ ጤና አዳም። 34 ኪሎ በአንድ ሰው እጅ ብናጣፍጥ ግማሹ ሰው ተቀይሞ ነው ድርሻውን የሚወስደው።

ገንዘብ ያዥ
እትዬ ልክ ብለዋል። እኔ ስለ ግዢው ልናገር። መርካቶ በርበሬ ተራን የሚያውቅ ሰው ይሂድ። የማረቆ ይሁን የአላባ አልከራከርም፤ ብቻ ደረቅ ይሁን። እርጥብ ዛላ ስንገዛ ውሃም አብሮ ይመዘንብናል፣ ቤት ሲደርስ ኪሎው ይጎድላል። የተፈጨ አንገዛም፤ ምን እንደተቀላቀለበት በዓይን አይለይም። «ይሸጥ» የሚለው ይውጣልኝ። ሽያጭ ከጀመርን ፈቃዱ፣ ግብሩ፣ ቁጥጥሩ ይመጣል። እኛ የፈለግነው ለቤታችን ነው።

የምግብ ሳይንስ ያጠናች አባል
ስለ ድርቀቱ እኔም ልጨምር። እንዳይሰባበር ብለው ዛላው ላይ ውሃ የሚረጩ ነጋዴዎች አሉ። በዚያ ላይ በማዳበሪያ ታፍኖ ከከረመ ይሻግታል። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የሚመጣው ከአንድ ዓይነት ሻጋታ ነው። ወጡን ብናንተከትከውም አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ላይ የሚፈቅደው ጠቅላላ መጠን በኪሎ 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንደሚፈሩት ከዚህ ገምቱ። ስለዚህ ስንቀነጥስ ግንጩን ብቻ አንንቀል፣ ሆዱንም ከፍተን እንይ። ውስጡ የጠቆረ ወይም ነጭ አቧራ የያዘ ይጣል። ይሄ ዕቅዱ ውስጥ ይጻፍልኝ። «ያሳዝናል» ብሎ መልሶ የሚከት ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

ወፍጮ ቤት ያለው አባል
በወፍጮ በኩል ያለውን እኔ እነግራችኋለሁ። በርበሬ ከወፍጮ ሲወጣ ትኩስ ነው። ሰው ቸኩሎ በትኩሱ ላስቲክ ውስጥ አስሮ ይሄዳል። ያልበዋል፣ ይጓጉላል፣ ከዚያ ይሻግታል። ዘርግቶ ማብረድ የግድ ነው። ሽሮም የምናስፈጭ ከሆነ ሽሮው ይቅደም፤ በርበሬ ከወረደበት ወፍጮ ላይ ነጭ ሽሮ አይወጣም። ደግሞ ቅዳሜ አታምጡብኝ፣ ሰልፉን ታውቁታላችሁ። ማክሰኞ ጠዋት ወፍጮውን ለእናንተ ብቻ እለቃለሁ።

ሰብሳቢ
ቅመሙስ? በኋላ ቤት ውስጥ ይቀላቀል የሚል ሐሳብ ሰምቻለሁ። አብሮ ካልተፈጨ አይዋሃድም፣ እኔ አልቀበልም።

ወፍጮ ቤት ያለው አባል
እትዬ፣ መላ አለው። ዛላው በጋራ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ይደለዝ፣ ይድረቅ። ከዚያ ሳይፈጭ በሚዛን ይከፋፈል። እያንዳንዱ ቤት የቆላውን ቅመም ይዞ ይመጣና ድርሻው ላይ ጨምሮ ተራ በተራ ይፈጫል። የአንዱ ቅመም ለሚቀጥለው ትንሽ ይደርሰዋል፣ እሱን አልዋሽም። አብሽ የማይወዱ ቀድመው ይግቡ።

ሰብሳቢ
ተባረክ። በዚህ እስማማለሁ። ጨው ግን በጋራው ውስጥ አይግባ። ደም ግፊት ያለብን ብዙ ነን፤ ጨው እርጥበትም ይስባል።

አስጎብኚው
ስለ መንገዱ እሽግ እኔ ልናገር፣ ሥራዬ ስለሆነ። ለመንገድ ብላችሁ አዲስ ቅመም አትፍጠሩ። ሚጥን ሽሮ አለላችሁ። በርበሬውም ቅመሙም ውስጡ ነው፤ ውሃ፣ ዘይትና ጨው ካለ ምግብ ሆነ። ስሜን ተራሮች 3,600 ሜትር ላይ ውሃ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እዚያ ክክ ቀቅሎ ማብሰል ጋዝ መጨረስ ነው። ሽሮ ግን ቶሎ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ። ለእንቁላሉም ለፓስታውም ለቱና ቆርቆሮውም ይሆናል። ሦስተኛ፣ መከለሻ፤ እሱ ግን ሳይፈጭ ይሂድ። ኮረሪማው ከነልጣጩ፣ ጥምዙና ቁንዶ በርበሬው እንዳለ። ሽታው የሚቆየው እንደዚያ ነው። ካምፕ ላይ በድንጋይ ደቆስ ደቆስ ማድረግ ነው። ድልህ ይቅር፣ ሻንጣ ውስጥ ፈሶብኝ አይቻለሁ።

ልጆቿ አሜሪካ ያሉ አባል
እኔ የምልክላቸው በሰው ሻንጣ ነው። ወደ አሜሪካ የሚበር ሰው ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከያዘ ተጨማሪ ፍተሻ አለበት፣ ሊከለከልም ይችላል። ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ነው። ስለዚህ በርበሬና ሽሮ ወደሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ቋንጣ አትላኩ፣ ሥጋ ስለሆነ ይወሰዳል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮችማ ንጥር ቅቤም አይገባም። እሽጉ ላይ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛም ይጻፍ። ቀይ ዱቄት በባዶ ላስቲክ አይቶ የማይጠይቅ ፈታሽ የለም። መንገደኛውም ሲጠየቅ ደብቆ «ምንም የለኝም» አይበል።

ገንዘብ ያዥ
የመንገዱ እሽግ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ይሁን፣ ለሚጠይቅ ብቻ። ሳይጠየቅ አዘጋጅተን መጋዘን ውስጥ አናስቀምጥ።

ጸሐፊ
እሺ፣ ያሻሻልኩት ይኸው፦

«ማኅበሩ 34 ኪሎ ደረቅ ዛላ ይገዛል። አባላት በጋራ ይቀነጥሳሉ፤ የጠቆረና የሻገተ ዛላ ያለ ክርክር ይጣላል። በርበሬው በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተደልዞ፣ ያለ ጨው ደርቆ፣ ሳይፈጭ በሚዛን ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቅመም ጨምሮ ማክሰኞ ያስፈጫል፤ ሳይበርድ አይታሸግም። ቀድሞ ላስመዘገበ ብቻ ግማሽ ኪሎ ሚጥን ሽሮ፣ ሚጥሚጣና ያልተፈጨ መከለሻ ያለው የመንገድ እሽግ ይዘጋጃል። ሽያጭ የለም።»

ሰብሳቢ
ከኅዳር 15 በፊት ይለቅ የሚል ጨምሪበት። የነቢያት ጾም ሲገባ ሁሉም ቤት ሽሮ ይፈልጋል።

ጸሐፊ
ጨመርኩ። መርካቶ ከገንዘብ ያዣችን ጋር የሚሄድ አንድ ሰው ይቀረኛል፣ ዛላ መለየት የሚችል። ማን ይሂድ?