«ቢላ ፈርቶ ነው» ያለው ሰውዬ

የጦሳ ልጅ፦ ትናንት ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን፣ ኤች አይ ቪን ለመከላከል ስለሚደረገው የግርዛት ዘመቻና ስለ ጋምቤላ ወንዶች ወሬ ተነሳ። አንዱ «አዋቂ ሆኖ የማይገረዘው ቢላ ፈርቶ ነው» አለ። ሁሉም ሳቀ። ንድድ አልኩ። እኛ ጀግኖች ሆነን ነው እንዴ የተገረዝነው? ክርስቲያኑ በስምንተኛ ቀኑ፣ ሙስሊሙም በልጅነቱ። ማን ጠየቀን?

ቦርከና፦ ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ፣ አብሽር። ግን ውሸት ነው? መርፌ ሲያይ የሚዝለፈለፍ ወንድ አናውቅም?

ነርሷ፦ በማደንዘዣ ነው የሚሠራው። ከባዱ በኋላ ያለው ነው። ስድስት ሳምንት ከግንኙነት መታቀብ አለ። ባለትዳሩ የሚያመነታው እዚህ ላይ ነው።

ቦርከና፦ ያው ፍርሃት ነው። ከቢላ ወደ ሚስት ዞረ እንጂ።

ሸዋበር፦ የቀን ሠራተኛ ብትሆን ይገባህ ነበር። ኮምቦልቻ ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚያድር ሰው ቁስሉ እስኪሽር ማን ያበላዋል?

ቦርከና፦ ኮምቦልቻን ለቀቅ! ደሴ ሲሚንቶው በራሱ እግር ነው የሚወጣው?

የጦሳ ልጅ፦ አትበታትኑት። የኬንያ ሉኦዎችም መገረዝ ባህላቸው አልነበረም። እንደ ፈረንጆቹ በ2008 ተመሳሳይ ዘመቻ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ አንገራገሩ። ራሱ ሉኦ የሆነው የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ራይላ ኦዲንጋ በአደባባይ ደገፈ። ከዚያ ወጣቱ ጎረፈ። ቢላው ያው ቢላ ነው፤ ታዲያ ምን ተለወጠ?

አዝዋ፦ እኛ ሁላችን ተገርዘን የለ? በ90ዎቹ ስንቱን ቀበርን ታዲያ? ምን ጠቀመን?

ነርሷ፦ ወንዱ ከሴት የሚይዘውን በ60 በመቶ ገደማ ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። ኮንዶም ያው ኮንዶም ነው። በአገራችን ከ90 በመቶ በላይ ወንድ የተገረዘ ነው፤ ዘመቻው ጋምቤላ ላይ ያተኮረው ለዚህ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2016 በተደረገው ጥናት የቫይረሱ ሥርጭት በአገር ደረጃ 0.9 ሲሆን እዚያ 4.8 በመቶ ነበር።

ቦርከና፦ እና ይህን እያወቁ አይሄዱም። ቢላ ነዋ!

ሸዋበር፦ ዩኒቨርሲቲ ስንማር ዶርማችን አንድ የኑዌር ልጅ ነበር። አባቱ ግንባራቸው ላይ ስድስት መስመር አለ። ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ የሚቆረጥ፣ በስለት፣ ያለ ማደንዘዣ። የሚቆረጠው ልጅ ድምፅ ካሰማ ውርደት ነው። አሁንም ቢላ በል።

ቦርከና፦ ...

ሸዋበር፦ ልጁን «ለምን አትገረዝም?» አልነው። «ማታ ማታ ቆላፋ እያላችሁ ስትስቁ እሰማለሁ። ዛሬ ብገረዝ ስድባችሁን ተቀበልኩ ማለት ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀውም።

ነርሷ፦ እኛ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ ጓደኛ ይዘው ነው። አንዱ ደህና ሆኖ ሲያዩት ሌላው ይከተላል።

ቦርከና፦ እሺ፣ ቢላውን አንስቻለሁ። ሽሙጥ ፈርቶ ነው።

የጦሳ ልጅ፦ ደግሞ «ፈርቶ» አለ! ቃሉ አፍህ ላይ ተጣብቋል እንዴ?

ቦርከና፦ ሸዋበር ስለ ኮምቦልቻ ይቅርታ ይጠይቅና እናወራለን።

ሸዋበር፦ ሙቀቱ ሲበርድላችሁ እጠይቃለሁ።