ኮክስ ሪግረሽን ላይ የኬሞ ዙር እንዴት ይግባ?
ሰላም፣ የኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች የመኖር ዕድል በኮክስ ሪግረሽን (የተለያዩ ነገሮች በሕይወት ከመቆያ ጊዜ ጋር ያላቸውን ግንኙነት በሚለካ የስታቲስቲክስ ዘዴ) እየሠራን አንድ ቦታ ላይ ተይዘናል። «6 ዙር ኬሞ ጨርሳለች» የሚለውን ስናስገባ ጥቅሙ ከሚታመነው በላይ ይወጣል። የኬሞ መድኃኒቶቹ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል በየ3 ሳምንቱ ስለሚሰጥ፣ ስድስተኛው ዙር ላይ ለመድረስ ከመጀመሪያው በኋላ 15 ሳምንት በሕይወት መቆየት ግድ ነው፤ ቀድማ የሞተችው ሁሉ «አልጨረሰችም» ውስጥ ትወድቃለች። ክትትሉን ከ6ኛው ወር እንጀምር ወይስ ኬሞውን ከጊዜ ጋር የሚለዋወጥ መለኪያ እናድርገው? የመጀመሪያው ይቀላል፤ ግን ቀድመው የሞቱትን ከነጭራሹ ያስወጣብናል።

ሌላው፦ የቀዶ ሕክምና ማስታወሻው «ኦፕቲማል» (የቀረው እጢ ቢበዛ 1 ሴ.ሜ ነው ማለት ነው) ብሎ ብቻ ያልፋል። በዓይን የሚታይ እጢ ያልቀረባትና እስከ 1 ሴ.ሜ የቀረባት ሴት ዕድላቸው አንድ አይደለም። አብረን እንጨፍልቃቸው ወይስ እንደ ጎደለ መረጃ እንያዘው?