ክፍልፋዮችን ስንደምር ታህቶቹ ለምን አይደመሩም?

ጥያቄ፦ ወላጅ፣ ከደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። አምስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ትናንት ማታ 1/2 + 1/3 እንድትሠራ ተሰጥቷት፣ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምራ 2/5 አገኘች። መልሱ 5/6 መሆኑን ነግሬ የጋራ ታህት የሚፈለግበትን መንገድ ባሳያትም፣ «ስናባዛ ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች አይደል የምናባዛው? ስንደምርስ ለምን አይሆንም?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። መንገዱን ከመሸምደዷ በፊት ምክንያቱ እንዲገባት እፈልጋለሁና እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦ የሒሳብ መምህር፣ ከኮምቦልቻ
እህቴ፣ ልጅዎ የጠየቀችው ተገቢ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ መልሷን ራሷ ትመዝነው፤ 2/5 ከግማሽ ያንሳል፤ በግማሽ ላይ ሲሶ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ ያንሳል? ቀጥሎ ታህት የቁራሹን ዓይነት የሚነግረን ስም፣ ላዕል ደግሞ የቁራሾቹ ብዛት መሆኑን ያስረዷት። ድሮ ለባለመሬት ሲሶ የሚሰጥና እርቦ (ሩብ) የሚሰጥ አራሽ ሁለቱም «አንድ ድርሻ» ቢሰጡም፣ ድርሻቸው እኩል ነው የሚል ሰው አልነበረም። አንድ ድፎ ዳቦ ስድስት እኩል ቦታ ቢቆረጥ ግን ግማሹ ሦስት ቁራሽ፣ ሲሶው ሁለት ቁራሽ ይሆናል፤ አሁን ሁሉም ስድስተኛ ስለሆኑ 3/6 + 2/6 = 5/6 ብለን መቁጠር እንችላለን። ማባዛት ሌላ ሥራ ነው፤ 1/2 × 1/3 ማለት የሲሶውን ግማሽ መውሰድ ስለሆነ ቁራሹ ራሱ አንሶ 1/6 ይሆናል።

መልስ፦ ልብስ ሰፊ፣ ከኮምቦልቻ
መምህሩ ያሉትን እኔ በየቀኑ በሜትር አየዋለሁ። 3/4 ሜትር እና 2/5 ሜትር ጨርቅ ስደምር 75 እና 40 ሳንቲሜትር ብዬ 115 አገኛለሁ፤ ይህም 100 የጋራ ታህት ሆነ ማለት ነው። ግን ትንሹ የጋራ ብዜት 20 ስለሆነ ተሳስቻለሁ ማለት ነውን?

መልስ፦ የሒሳብ መምህር፣ ከኮምቦልቻ
አልተሳሳቱም፤ 115/100 ሲቃለል 23/20 ነው፣ በ20 ቢሠሩትም 15/20 + 8/20 ያንኑ ይሰጣል። ማንኛውም የጋራ ብዜት ያገለግላል፤ ትንሹ የሚመረጠው ድካም ስለሚቀንስ ብቻ ነው። ለምሳሌ 5/12 + 7/18 ታህቶቹን በማባዛት ቢሠራ 174/216 ይደርሳል፣ በ36 ቢሠራ ግን 15/36 + 14/36 = 29/36 ሆኖ ወዲያው ያልቃል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ዳቦውን በወረቀት ላይ ሥዬ አስቆረጥኳት፤ ከዚያ 1/4 + 1/6 ስሰጣት ሳልነግራት «አሥራ ሁለት ቦታ ልቁረጠው» ብላ 5/12 አገኘች።