የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ከባልዲው እየሸሸ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለዶሮ መኖ በ20 ሊትር ባልዲ እጭ እያረባሁ ነው፤ ምግቡ የአትክልት ልጣጭና የተረፈ እንጀራ ነው። ሰሞኑን ክፉኛ ይሸታል፣ እጮቹም ገና ነጭ ሳሉ በባልዲው ጎን እየወጡ ያመልጣሉ። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ ነጩ እጭ ከሸሸ ችግሩ ውሃ ነው፤ ሥሩ ውሃ ሲቋጥር አየር ያጣሉ፣ ሽታውም ከዚያው ነው። አንድ እፍኝ ወስደህ ጨምቀው። ጠብ ጠብ ካለ ደህና ነው፤ ከፈሰሰ ሰጋቱራ ወይም ፉርሽካ ቀላቅልበት። ከባልዲው ሥር ቀዳዳ አብጅተህ ወንፊት አንጥፍበት። የሰጠሃቸውን ሳይጨርሱ ሌላ አትጨምር፤ እንጀራ ተከምሮ ሲቦካ ይጣበቃል።

መልስ 2፦ የጠቆሩት ሲወጡ ግን አትከልክላቸው። መብላት አቁመው ደረቅ ቦታ እየፈለጉ ነው። 35 ዲግሪ ገደማ ያጋደለ ሳንቃ አድርግላቸው፣ ጫፉ ሥር ዕቃ አስቀምጥ፤ ራሳቸው ይወድቁልሃል። ሁሉንም ለዶሮ አትስጥ! ለዘር ካላስቀረህ እንቁላል ጣይ ዝንብ አይኖርህም። ዝንቧ የምትጥለው ምግቡ ላይ ሳይሆን አጠገቡ ባለ ደረቅ ስንጥቅ ውስጥ ስለሆነ፣ ውስጡ ሸንተረር ያለው ካርቶን ቆራርጠህ ከምግቡ በላይ አንጠልጥል።

መልስ 3፦ አዲስ አበባ ከሆንክ የክረምቱ ብርድ ያዘገያቸዋል። የሚስማማቸው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ ባልዲውን በጆንያ ጠቅልለው።